አሥራ ሁለት ጎራሹን ያሰፋን ጊዜ

የአያ ዘርጋው ነፍጥ መጠገኛ ቤት የገባሁት ማክሰኞ ጧት ነው። እናቴ ጸበል ረጭታ፣ አንገቴ ላይ ክታብ አስራ፣ «እዚያ ቤት ውኃም እንዳትቀምሺ» ብላ ሰደደችኝ። ረፋዱ ላይ ቆሎም በልቻለሁ፣ ውኃም ጠጥቻለሁ። ርቦኝ ነበር። ምንም አልሆንኩም።

ለማያውቅ ልንገር። ብረት ቀጥቃጭን ሰው «ጠይብ» ይለዋል፤ በዓይኑ ይበላል እያለ ልጁን ይሸሽግበታል። ነፍጡ ሲሰበር ግን እየሮጠ ይመጣል። አባቴ የእንጦጦ ማርያም ደብተራ ነበር። የደብተራ ልጅ ጠይብ ቤት ገባች ሲባል ጎረቤቱ ያለውን ሁሉ አልጽፈውም፤ ብራና ማባከን ነው።

የገባሁት ለመጻፍ ነው። ቤተ መንግሥቱ ጋራው ላይ ስለነበር ጦሩም ጋራው ላይ ነበር፤ የተሰበረ ነፍጥ ሁሉ ወደ አያ ዘርጋው ይመጣል። እሳቸው ፊደል አይለዩም። ግድግዳው ላይ የተደገፈው ነፍጥ ሁሉ የማን እንደሆነ በልባቸው ነው የሚይዙት። አንድ ቀን የአንዱን ባላባት ለሌላው ሰጡና ተገረፉ። ከግርፋቱ ሲያገግሙ አባቴ ዘንድ መጥተው «የሚጽፍ ልጅ ስጠኝ» አሉት። አባቴም «ወንድ ልጅ የለኝም፤ ዳዊት የደገመች ሴት ልጅ ግን አለችኝ» አላቸው። «እጇስ?» ቢሉት «ከኔ እጅ ይሻላል» አለ። አባቴ የራሱን ጽሕፈት ከማንም አሳንሶ አያውቅም ነበር። ለዚያች ቃል እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

እናቴ «አንተ በዪው፤ ጠይብ ነው» ብላኝ ነበር። ስደርስ ግን ሽበታቸውን አየሁና አፌ «እንደምን አደሩ» አለ። ከምድጃው ቀና አሉ።

«ስምሽ ማነው?»

«ደብሪቱ።»

አንድ ነፍጥ ከግድግዳው አንሥተው ሰጡኝ። «ይቺን ምን ትያታለሽ?»

«ነፍጥ።»

ጥግ ላይ ሞረድ ይዞ የተቀመጠው ተሰማ እስኪያስለው ሳቀ። አያ ዘርጋው አልሳቁም። «ነፍጥ መሆኗንማ እኔም አውቃለሁ። የማን ናት? የቱ ጋ ታመመች? መቼ መጣች? እሱን ጽፈሽ አንገቷ ላይ እሰሪልኝ።»

በዚያ ቀን በቁራጭ ብራና ላይ እየጻፍኩ በክር አሰርኩ። ማታ ሲሆን ግድግዳው ሁሉ እንደኔ ክታብ ያሰረ መሰለ። ተሰማ «አሁን ቡዳ አይነካቸውም» አለ። ራሱ ጠይብ ሆኖ በጠይብ የሚቀልድ ሰው ነው።

ተቀምጦ መጻፍ አልወድም። እግሬ ይደነዝዝብኛል። በሁለተኛው ሳምንት ጽሕፈቱን ጧት ጨርሼ ወናፍ ያዝኩ። ቤቱ ማዕረግ አለው፤ መጀመሪያ ወናፍ ነፊ፣ ቀጥሎ ቀለህ ሞይ፣ ቀጥሎ ሞራጅ፣ ከሁሉ በላይ ጓዳ ቆፋሪ። ጓዳ የምንለው ጥይቱ ሲተኮስ የሚተኛበትን፣ በአፈሙዙ ሥር ያለውን ቀዳዳ ነው። ጓዳ የሚቆፍሩት አያ ዘርጋው ብቻ ነበሩ።

ቀለህ መሙላት በአንድ ክረምት ተማርኩ። የተተኮሰውን ባዶ ቀለህ በአመድ ውኃ ትቀቅላለህ፣ ፀሐይ ላይ ታደርቃለህ፣ ከታች ያለችውን እሳት ያዥ ቆብ አውጥተህ በአዲስ ትተካለህ፣ ባሩዱን በቀንድ ትለካለህ፣ በሰም የተነከረ ጨርቅ ትደፍናለህ፣ እርሳሱን ታስቀምጣለህ። ቀለህ አይጣልም። አንዱ ቀለህ አምስት ስድስት ጊዜ ይሞላል። አዲስ ጥይት ብርቅ ስለሆነ በገበያ እንደ አሞሌ ይመነዘራል፤ የሚተኩሰው የለም። ይህን አስታውሱልኝ፤ ያጠፋሁት በዚህ ነው።

ሞረድ ያስተማረኝ ተሰማ ነው። «ሞረድ ወደፊት ብቻ ነው የሚበላው» አለኝ። «ስትመልሺው አንሺው። እንዲህ ወዲህና ወዲያ የምትፈትጊው ጥርስሽን ነው?» ክንዴ እስኪያብጥ ሞረድኩ። በሦስተኛው ዓመት ከሱ እኩል ሆንኩ። እሱ አሁንም አይልም፤ እኔ ግን ሆኛለሁ።

ከሰል የምታመጣልን አዴ ጫልቱ ናት። ቤቷ የካ ነው፤ በየሳምንቱ አህያዋን ጭና ዳገቱን ትወጣለች። በኦሮምኛ ጀምራ በአማርኛ ትጨርሳለች። ከደጅ «አካም ቡልቴ፣ የብረት ሙሽራ?» ብላ እንዴት እንዳደርኩ ትጠይቀኛለች። «መቼ ነው ሰው የምታገቢው?» ስትለኝ «ብረት አይመታኝም፣ እኔ እመታዋለሁ እንጂ» አልኳት። ከሰሏን አራግፋ እስክትወጣ ሳቀች።

ቀኛዝማች አንዳርጌ የመጡት በመስቀል ማግሥት ነው። ከበቅሎ ወርደው፣ በቀይ ጨርቅ የተጠቀለለ ነፍጥ ከአሽከራቸው ተቀብለው ራሳቸው ፈቱት። እንደዚያ ያለ አይቼ አላውቅም ነበር። አሮጌ ነው፤ አባታቸው ከአንድ እንግዳ ፈረንጅ የተቀበሉት ነው። ከምላጩ ሥር ጣት የሚያስገባ ቀለበት ያለው ብረት ተንጠልጥሏል። ያን ወደ ታች ትገፋዋለህ፤ የተተኮሰውን ቀለህ ይተፋል። ትመልሰዋለህ፤ አዲስ ጥይት ያጎርሳል። ከአፈሙዙ በታች የተጋደመው መቃ የሚመስል ብረት አሥራ ሁለት ጥይት ይይዛል። ተሰማ ብረቱን «ልጓም» አለው፤ ስሙ በዚያው ቀረ።

«ይህን ነፍጥ የውጅግራ ጥይት እንዲበላ አድርግልኝ» አሉ ቀኛዝማች።

ውጅግራ ጦሩ ሁሉ የያዘው ባለ አንድ ጥይት ነፍጥ ነው። ጥይቱ ትልቅና ረጅም ነው። የአሥራ ሁለት ጎራሹ ጥይት ከሱ አጠገብ እንደ ትንሽ ጣት ነው።

አያ ዘርጋው ነፍጡን አገላብጠው አዩ። «ጌታዬ፣ በዚህ ምን ጎደለብዎት?»

«አምና በዚህ ጎሽ ተኮስኩ። አምስት ጥይት ጠጥቶ መጥቶ ጋሻ ጃግሬዬን ገደለው። ልጁ ከጎኔ ቆሞ ሳለ ነው።» ጣታቸውን ወደ ነፍጡ ቀሰሩ። «ውጅግራ ብይዝ አንዴ ተኩሼ ስሞላ ይደርስብኛል። ይህ ቶሎ ይጎርሳል፣ ግን አይገድልም። ሁለቱን አንድ አድርግልኝ።»

«አፉ ጠባብ ነው።»

«አስፋው።»

«አፉን ላስፋው። ሆዱ ግን አጭር ነው። የውጅግራ ጥይት ይረዝማል፤ አሳላፊው አይሸከመውም።» አሳላፊ የምንለው ጥይቱን ከመቃው ተቀብሎ ወደ ጓዳው የሚያነሣውን ብረት ነው፤ ግብር ቤት ጠጅ እንደሚያደርሰው ሰው።

እኔ ተቀምጬ ቀለህ እሞላ ነበር። «አንገቱን ብንቆርጠውስ?» አልኩ።

ቀኛዝማች ዞሩ። «የማንን አንገት?»

«የቀለሁን።»

አሽከሮቹ ሳቁ። እኔ ባዶ የውጅግራ ቀለህ አንሥቼ አሳየኋቸው። ከታች ወፍራም ነው፣ ወደ ላይ ይቀጥንና አንገት ያወጣል። አንገቱ ተቆርጦ ቢጣል አጭርና ሰፊ ጽዋ ይቀራል። በጽዋው አፍ ላይ አውራ ጣት የሚያህል እርሳስ ይቀመጣል። ርዝመቱም አሳላፊው ላይ ይተኛል። አያ ዘርጋው ቀለሁን ተቀብለው በአሳላፊው አጠገብ ለኩት። ቀለሁን አልመለሱልኝም። ተስማምተዋል ማለት ነው።

«ስንት ይጎርሳል?» አሉ ቀኛዝማች።

«ወፍራም ስለሆነ ሰባት።»

«አሥራ ሁለት ጎራሽ እየተባለ?»

«ጌታዬ፣ አምና አምስት ነው የተኮሱት። ለቀሩት ሰባት ጎሹ ጊዜ አልሰጠዎትም።»

ተሰማ ሞረዱን አስቀመጠ። አያ ዘርጋው መሬት አዩ። ቀኛዝማች መጀመሪያ ፊታቸው ጠቆረ፣ ከዚያ ሳቁ። «የዚህች ምላስ ከነፍጡ ይሰፋል» አሉና ተነሡ። በቅሎው ላይ ሆነው «ደንቡን ታውቃለህ» አሏቸው አያን።

ደንቡ ይህ ነው። ጓዳውን የቆፈረ ጉንጩን ይሰጣል። ነፍጡን ባለቤቱ ከመያዙ በፊት፣ ጓዳውን የቆፈረው ሰው ሰደፉን ጉንጩ ላይ አድርጎ ሦስት ጊዜ ይተኩሳል። ቢፈነዳ በሱ ላይ ይፈንዳ ነው ነገሩ። አያ ዘርጋው ለዚህ ደንብ በቀኝ ጉንጫቸው ላይ የማይጠፋ የባሩድ ጠቃጠቆ አላቸው።

ነፍጡን ፈታን። አያ መጀመሪያ ያዩት ገላውን፣ ልጓምና አሳላፊ የሚቀመጥበትን ክፍል ነው። ናስ ቢሆን «ይቀደዳል፣ አልነካውም» ይሉ ነበር፤ ብረት ነው። ከውስጥ እንደ ሰው ጉልበት የሚታጠፍና የሚዘረጋ ብረት አለ፤ የተኩሱን ኃይል ከኋላ የሚደግፈው እሱ ነው። «ይቺ ጉልበት ከከዳች ብረቱ ወደ ዓይን ነው የሚመጣው» አሉኝ። «ስለዚህ ባሩዱን አናበዛም። የእርሳሱ ክብደት ይበቃል።»

አፈሙዙን ማስፋት ሦስት ሳምንት ፈጀ። ከወይራ ግንድ የተሠራ፣ ዙሪያውን የሚጠማዘዝ ቦይ ያለው መሳቢያ አለን። ግንዱ ሲሳብ ይዞራል፤ በዘንጉ ጫፍ ያለችው የብረት ጥርስም እየዞረች የአፈሙዙን ውስጥ ትፍቃለች። በአፈሙዙ ውስጥ እርሳሱን የሚያሽከረክር አንድ ቦይ እስኪወጣ መቶ ጊዜ ይሳባል። ተሰማ ከወዲያ፣ እኔ ከወዲህ ሳብን። ቅቤ እንቀባለን፣ እንስባለን፣ ብናኙን እንጠርጋለን። ጣቴ ላይ የነበረው የብርዕ ጠባሳ በሌላ ጠባሳ ተሸፈነ።

አሳላፊውን ተሰማ አሰፋው። መቃውን አያ ራሳቸው እንደገና ጠቀለሉት። ጓዳው ቀረ።

አንድ ጧት አያ መፋቂያውን አነሡ፣ ወደ ብርሃን አወጡት፣ ዓይናቸውን አጠበቡ፣ መልሰው አስቀመጡት። «ደብሪቱ፣ ቅርብ ያለውን ነገር ዓይኔ እየነሣኝ ነው። ጓዳውን አንቺ ቁፈሪው።»

«እኔ?»

«እጅሽን አውቀዋለሁ። ለማንም አንናገርም፤ ሴት ቆፈረችው ከተባለ ቀኛዝማች ነፍጡን አይቀበሉኝም። ጉንጬንም እኔ እሰጣለሁ።»

እዚህ ላይ ነው ያጠፋሁት። ጓዳ ሲቆፈር መለኪያ ቀለህ ያስፈልጋል፤ እየፋቅህ ታስገባዋለህ፣ ልክ ሲሆን ታቆማለህ። በቤቱ ሁለት ብቻ አዲስ የውጅግራ ጥይት ነበረ፤ በሻሽ ተጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ይኖራል። ያን አንገቱን መቁረጥ አንጀቴ እምቢ አለ። ከክምሩ አንድ የተተኮሰ ቀለህ አንሥቼ ቆረጥኩና በሱ ለካሁ። ቀለሁ የወጣው ጓዳዋ ተበልቶ ከሰፋ የወታደር ውጅግራ ነው። ቀለህ በተተኮሰ ቁጥር ያብጣል፤ በሰፊ ጓዳ ከተተኮሰ ይበልጥ ያብጣል። እኔ በእብጠቱ ለካሁ።

ተሰማ አይቶኝ «አዲሱን ለምን አታስገቢበትም?» ብሎኝ ነበር። «ሞረድህን ሞርድ» አልኩት። ሞረደ።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት ሥራው አለቀ። በማግሥቱ ቀኛዝማች ከቤተ መንግሥት ያገኙትን ሃያ አዲስ ጥይት ላኩ፤ አንገቱን ቆርጬ በትልቁ እርሳስ እንድሞላው ነው። ሙከራው የሚቀጥለው ጧት የካ ሜዳ ላይ ነው። ሃያውንም ሞልቼ ጨረስኩ። ከዚያ አንዱን ለመሞከር ጓዳው ውስጥ ጣል አደረግኩ። ተወዛወዘ።

ሌላ አስገባሁ። እሱም ተወዛወዘ። ጥላሸት ቀባሁትና አስገብቼ አወጣሁት፤ ጥላሸቱ እንዳለ ወጣ። ብረቱ የትም አልነካውም ማለት ነው። ቀለህ ከጎኑ የሚደግፈው ብረት ካላገኘ ይቀደዳል። ከተቀደደ እሳቱ ወደ ኋላ ነው።

አያ ዘርጋው በዚያ ሰዓት ቤተ መንግሥት ተጠርተው ሄደዋል። ተሰማ ነበር፤ ለሱ ልነግር አፌን ከፈትኩና «ሞረድህን ሞርድ» ያልኩት ትዝ አለኝ፤ ዘጋሁት። ከዚያ ክፉ ሐሳብ መጣልኝ። ለሙከራው አሮጌዎቹን ያበጡትን ቀለሆች ብሰጥስ? ጓዳውን ይሞላሉ፣ አይቀደዱም። አያ ሦስት ጊዜ ይተኩሳሉ፣ ጉንጫቸው ይተርፋል፣ ነገሩ ያልፋል። ከዚያ በኋላ ያለውን አላሰብኩም። አስቤው ቢሆን ጎሽ ፊት የቆሙ ሰውዬ ይታዩኝ ነበር። ሦስት አሮጌ ቀለህ ሞልቼ ለብቻ አስቀመጥኩ።

ጧት ወደ የካ ወረድን። ቀኛዝማች ከአያ ጎን በበቅሎ ሄዱ፤ አያን ለብቻቸው የማገኝበት ቦታ አልነበረም እላለሁ። ብፈልግ አገኝ ነበር። ሜዳው ላይ ተሰማ የጥድ ጉቶ በኖራ ቀባ። አዴ ጫልቱ ከሰል ጭና ወደ ገበያ ስትሄድ ሰዉን አይታ አህያዋን አቆመች።

አያ ዘርጋው ተንበረከኩ። ጉንጫቸውን ሰደፉ ላይ አደረጉ። እኔ ሦስቱን አሮጌ ጥይት ሰጠኋቸው። ተኮሱ። ጉቶው ፈነጠረ። ልጓሙን ገፍተው መለሱ፣ ተኮሱ። እንደገና ተኮሱ። ጉቶው ለሁለት ተሰነጠቀ። የቀኛዝማች ሰዎች ፎከሩ፣ ከአካባቢው የመጡ ሴቶች እልል አሉ። አያ ሲነሡ ፈገግ ብለው ነበር። እሳቸው ፈገግ ሲሉ በአራት ዓመት ያየሁት ሁለት ጊዜ ነው።

ቀኛዝማች ነፍጡን ተቀበሉ። ከዝናራቸው ከሞላሁላቸው አዲስ ጥይት አንዱን አወጡ። አጎረሱ። ልጓሙን መለሱ። ጉንጫቸው ወደ ሰደፉ ወረደ።

«ጌታዬ! አይተኩሱት!»

ሁሉም ወደኔ ዞሩ። አንድ አሽከር አለንጋውን አነሣ። ቀኛዝማች ነፍጡን ሳያወርዱ «ምን አልሽ?» አሉ።

«ፊትዎ ላይ ይፈነዳል።»

«አሁን ሦስቴ ተተኩሶ?»

«እነዚያ አሮጌ ናቸው። አብጠዋል፤ ጓዳውን ይሞሉታል። የእርስዎ አዲስ ነው፣ ቀጭን ነው። ጓዳው ይሰፋበታል። ይቀደድና እሳቱ ወደ ዓይንዎ ይመጣል።»

ነፍጡን አወረዱ። «ጓዳውን ማን ቆፈረ?»

«እኔ ነኝ» አሉ አያ ዘርጋው።

«አይደሉም። እኔ ነኝ» አልኩ። «ትናንት ነው ያወቅኩት። እሳቸው አያውቁም። አሮጌውን ለሙከራ የሰጠሁትም እኔ ነኝ።»

«ጠይቡ ይዋሻል፣ የደብተራ ልጅ ትናዘዛለች» አሉ ቀኛዝማች። «ማንን ልመን?»

«ማንንም አይመኑ። ዛፍ ላይ እንሰረውና በገመድ ይሳብ።»

ገመድ የያዘ ሰው አልነበረም። አዴ ጫልቱ ምንም ሳትባል የአህያዋን መጫኛ ፈታች። ከሰሉ ሜዳው ላይ ተዘረገፈ። «እንኩ» አለች። «ከሰል ቢፈስ ይለቀማል። ዓይን ከፈሰሰ አይለቀምም።»

ነፍጡን ጥድ ላይ አሰርነው። ተሰማ ገመዱን ምላጩ ላይ አስሮ ከሩቅ ሳበው። ድምፁ ከፊተኛው የተለየ ነበር። ከፊት ሳይሆን ከጎን ነው የጮኸው። ስንደርስ የአሳላፊው ክዳን ተነቅሎ የጥዱ ቅርፊት ውስጥ ተሰክቷል፤ የሰው ግንባር በሚሆንበት ቦታ ነው። ቀለሁ ከላይ እስከ ታች ተቀዷል። ጉልበቷ ግን አልከዳችም።

ቀኛዝማች ክዳኑን ከዛፉ በጩቤ ነቀሉት። ብዙ ጊዜ እያገላበጡ አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ። «ትናንት አውቀሽ ሌሊቱን ምን ስታደርጊ አደርሽ?»

«ተኛሁ» አልኩ።

እውነቴን ነው። ተሰማ ይህን መልስ እስከ ዛሬ እንግዳ ሲመጣ ያወራዋል።

ቀኛዝማች አልሳቁም። «ለታኅሣሥ ገብርኤል እዘምታለሁ። እስከዚያ አበጁት» አሉ። በቅሎ ላይ ከወጡ በኋላ ጨመሩ፦ «ጉንጩን የምትሰጠው ግን እሷ ናት። ደንቡ ጓዳ ለቆፈረ ነው።»

ከሰሉን ለቅመን አዴ ጫልቱን ጫንንላት። ዳገቱን ስንወጣ ልብሴን የት እንዳስቀመጥኩ፣ ቤት ገብቼ ምን ይዤ እንደምወጣ አስብ ነበር። ከጋራው ወገብ ላይ አያ ዘርጋው ለማረፍ ቆሙ።

«ነገ ማልደሽ ነይ» አሉ። «አፈሙዙን ከሥሩ ሁለት ጣት እንቆርጠውና ጓዳውን እንደ አዲስ እንቆፍራለን።»

«አያባርሩኝም?»

«ባባርርሽ ማን ይቆፍረዋል? በአበጠ ቀለህ ከለኩ ምን እንደሚመጣ በዓይኑ ያየ ቆፋሪ ያለኝ አንድ ነው።» ትንሽ ተነፈሱ። «እኔም መለኪያሽን ሳላይ ነው የሰጠሁሽ። ግማሹ የኔ ነው።»

ተሰማ ከኋላ «የኔም ድርሻ አለበት፤ ስትቆጣኝ ዝም ማለት አልነበረብኝም» አለ። ሁለቱ ጥፋቴን እየተከፋፈሉ ዳገቱን ጨረሱት። እኔ ከኋላቸው እያለቀስኩ ነው የወጣሁት። አላዩኝም፤ ወይም ያላዩ መሰሉ።

በማግሥቱ አያ ከሣጥኑ ሻሹን አወጡ፣ ከሁለቱ አዲስ ጥይት አንዱን ሰጡኝ። «ቁረጪው።» እርሳሱን ነቀልኩ፣ ባሩዱን አፈሰስኩ፣ አንገቱን ቆረጥኩ። የቤቱን ሀብት ግማሽ እንደቆረጥኩ ተሰማኝ። በዚያ ቀለህ እየለካሁ ጓዳውን ፋቅኩ። ሦስት መፋቅ፣ አንድ ጥላሸት፤ ሦስት መፋቅ፣ አንድ ጥላሸት። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጥላሸቱ ከዙሪያው ሁሉ እኩል ተፋቀ። አፈሙዙን ሳነሣው ቀለሁ በራሱ ክብደት ወጣ። አያ በትንሽ ጣታቸው ጓዳውን ዳበሱት፤ አላዩትም፣ ዳበሱት። «ይኸው» አሉ።

አፈሙዙ ስላጠረ መቃውም አጠረ። ቀኛዝማች ሲሰሙ «አሥራ ሁለት ነበረ፣ ሰባት ሆነ፣ አሁን ስድስት። እንዲህ ከቀጠልሽ ጎሹን በድንጋይ ነው የምገጥመው» አሉ።

ጉንጬን ሰጠሁ። ጧት ነበር፣ የየካ ሜዳ ጤዛ አልደረቀም። አያ «ትንፋሽሽን ግማሽ አውጪና ያዢው» አሉኝ። በቀኛዝማች በራሳቸው አዲስ ጥይት ተኮስኩ። ትከሻዬን እንደ በቅሎ ረገጠኝ። ዓይኔን ስገልጥ ዓይኔ ነበረ። ልጓሙን ገፋሁ፤ ቀለሁ ተተፍቶ ሣር ላይ ወደቀ። አያ ዘርጋው ተንበርክከው በባዶ እጃቸው አነሡት፤ ትኩስ ነበር። ዙሪያውን በጣታቸው ዳበሱት። ስንጥቅ የለበትም፣ እብጠትም የለበትም። «ድገሚ» አሉ። ሁለት ደገምኩ።

ቀኛዝማች ዘመቱ፣ ከወራት በኋላ ተመለሱ። ጎሽ አላጋጠማቸውም። በዚያ ሁሉ ድካማችን የሞተው አንድ ከርከሮ ነው። ይህን የነገሩን ራሳቸው ናቸው፤ ሌላ ባላባት ቢሆን ከርከሮውን ጎሽ ያደርገው ነበር። በዚያው ቀን ሁለት ሌላ ነፍጥ አመጡና በሰው ሁሉ ፊት «ጓዳውን ደብሪቱ ትቆፍረው» አሉ። ከዚያ ወዲህ አያ ማን እንደቆፈረ አይደብቁም። ለሚጠይቅ «የደብተራው ልጅ ናት» ይላሉ።

አሁን ከተማው ወደ ፍል ውኃው ወርዷል። ባላባቱም ወርዷል። እኛ እዚሁ እንጦጦ ላይ ነን፤ ከሰሉ ከየካ፣ ነፍጡ ከታች ይመጣልናል። አያ ዘርጋው ዓይናቸው ደክሟል፣ ጣታቸው ግን ያያል። ተሰማ ያው ነው። አዴ ጫልቱ የእህቷን ልጅ ለቀኛዝማች አሽከር ድራለች፤ ያ አለንጋ ያነሣብኝን ነው፤ በሠርጉ ሜዳው ላይ ስለተዘረገፈው ከሰል ሲጫወቱ ሰማሁ።

አራት ሰው አመሰግናለሁ፦ ያስገባኝን አባቴን፣ ያላባረሩኝን አያን፣ ሞረድ ያስያዘኝን ተሰማን፣ ከሰሏን ያፈሰሰችውን አዴ ጫልቱን። ቀኛዝማችንም ልጨምር፤ ነፍጡን አውርደው ሰምተውኛል።

ወደዚህ ሥራ ለምትገቡ የምለው ሁለት ነው። ለጓዳ መለኪያ ያልተተኮሰ ቀለህ ቁረጡ፤ ብትሳሱም ቁረጡ። አበላሽታችሁ ከሆነ ባወቃችሁበት ሰዓት ተናገሩ። እኔ አንድ ቀን ዘግይቼ ተናገርኩ፤ የተረፍነው ቀኛዝማች ምላጩን ከመሳባቸው በፊት አንድ ትንፋሽ ስለወሰዱ ነው።